የሦስቱ ኮከቦች ሲራራ

እናቴ ስለ እኔ ስታወራ “ይቺን ልጅ እግዚአብሔር ሲሠራት እልህ ተርፎት ነበር” ትላለች። እውነቷን ነው። አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የያዝኩት ነገር ደግሞ ሚዛን ተፈሪ ገበያ መሀል ቆሜ ባወራው ሰው የሚሰበሰብብኝ ነበር፤ ከኮከብ ወደ ኮከብ ጨው ስለሚያመላልስ ነጋዴ ልብ ወለድ እጽፍ ነበር።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞባይል ገና አልደረሰንም፣ መብራትም ሲያሰኘው ነበር የሚመጣው። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ጠፈር የሚያወራ፣ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ የተገነጠሉ መጽሐፍ አገኘሁ። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ውስጡ ያሉት መርከቦች ሁሉ ከተማ የሚያካክሉ ናቸው፤ ይዋጋሉ፣ ዓለም ያቃጥላሉ፣ ንጉሥ ያወርዳሉ። አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። ለመሆኑ ለዚህ ሁሉ ሰው ሳሙና የሚያመጣለት ማን ነው?

ይህን የጠየቅኩት የነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ሱቅ ያለው ነጋዴ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ሲራራ ነበር፤ ሦስት በቅሎ ጭኖ ከሚዛን ማጂ የሚመላለስ። ሲሄድ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ የባትሪ ድንጋይ ይጭናል፤ ሲመለስ ማርና ቅቤ። ዝናብ ከያዘው መሄጃው ብቻ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል። የቤንች ሰው ነው፤ አማርኛን የለመደው መንገድ ላይ፣ ከነጋዴ አፍ ነው። ስለዚህ ሲናገር አያስረዝምም፤ ከተናገረ ግን አይመልሰውም።

የእኔ ታሪክም ስለ እንዲህ ያለ ሰው ሆነ። ታላላቆቹ መርከቦች የሚመላለሱበት ሰፊ የጠፈር መንገድ አለ። ከዚያ ርቀው ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሦስት ኮከቦች አሉ፤ ቀዩ፣ ጭጋጋሙ እና ቀዝቃዛው። በየኮከቡ ሥር ጥቂት ሰው የሰፈረባት አንዲት ዓለም አለች። ሦስቱን የሚያገናኛቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነው፣ በአንዲት ጥግንግን ባለች መርከብ። ጨው ያደርስላቸዋል፣ ዘር፣ መድኃኒት፣ ደብዳቤ። በቃ። ጦርነት የለ፣ ንጉሥ የለ።

መጻፍ የጀመርኩት አባቴ በወደቀ በአራተኛው ወር ነው። ማጂ ሊደርስ የአንድ ቀን መንገድ ሲቀረው፣ ቁልቁለት ላይ አንዷ በቅሎ ተንሸራተተች፤ እሱም መጫኛዋን አለቅም ብሎ አብሯት ወረደ። በቅሎዋ ሞተች። የእሱ ጭን ተሰበረ። የመንገዱ ሰዎች በቃሬዛ እየተቀባበሉ አመጡልን። አማን ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ፣ ጄሶ ታሰረለት። ጄሶው ሲፈታ ሐኪሙ እናቴንና እኔን አስቀምጦ አስረዳን። አጥንቱ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ መድኃኒቱ መራመድ ነው፤ በየቀኑ ካልተራመደ ጉልበቱ ደርቆ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቀናው የለም አለን።

አባቴ ግን አልነሣም አለ። አልችልም አላለም፣ አልነሣም ነው ያለው። ክራንቹ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ አቧራ ለበሰ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት፣ መከሩት፣ ተቆጡት፤ ወይ ፍንክች። ምክንያቱን አንዴ ብቻ ነው የነገረን። በዚያው ሰሞን ወደ ማጂ የሚወስደው መንገድ ተጠርጎ የጭነት መኪና መግባት ጀምሮ ነበር። እሱ በሳምንት የሚያደርሰውን መኪናው በአንድ ቀን ያደርሰዋል። “የት ልሄድ ነው የምራመደው?” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዕድሜውን በእግሩ ለኖረ ሰው ይህን ጥያቄ የሚመልስለት እኛ ቤት አልነበረም። እኔ ግን ያን ዕለት ከራሴ ጋር ተማማልኩ፤ ይህ ሰው ይነሣል አልኩ፣ ሳይወድ በግዱ።

እንዴት እንደሚነሣ ግን አላውቅም። የማውቀው ነገር ቢኖር ዝምታው ቤቱን እየበላው መሆኑን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ እልና የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ቀን ለጀርባው አነበብኩ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው ጭጋጋሙ ዓለም ላይ ደረሰ፤ አንድ ማሽን ጨውን ተረከበው፤ እሱም መርከቡን አዙሮ ተመለሰ ብዬ አንብቤ ገጹን ስገልጥ፣ ከግድግዳው በኩል ማን ቤት እንዳደረ የሚጠይቅ ድምፅ መጣ።

መርከቡ ውስጥ ነው የሚያድረው አልኩት። እንግዲያስ እኔም በቅሎዬ ላይ ነበር የማድረው በዪኛ አለ፤ ያለው በስላቅ ቢሆንም ለእኔ ከምርቃት በለጠ። ቀስ ብሎ በጀርባው ተንጋለለና ያስረዳኝ ጀመር። በማጂ መንገድ ላይ በየማደሪያው የአንድ የአንድ ሰው ቤት አለው። እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ ጭነት አይነካም። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የመንገዱን ወሬ ይነግራል፤ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ የትኛው ወንዝ ሞላ፣ የትኛው ገበያ ቀዘቀዘ። ወሬው ካለቀ በኋላ ነው ጭነት የሚራገፈው። ወሬ ሳይነግር ዕቃ የዘረገፈ ነጋዴ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ አይከፈትለትም።

“ቤት የሌለበት መንገድ፣ መንገድ አይደለም” አለኝ። “አጥፊው።”

አጠፋሁት። ማሽኑን አወጣሁና በየኮከቡ አንድ አንድ ቤት ሠራሁ። በቀዩ አንዲት ወሬ የማትጠግብ መበለት፣ በጭጋጋሙ ንብ የሚያረቡ ባልና ሚስት፣ በቀዝቃዛው ደግሞ ከማንም ጋር የማይስማማ አንጥረኛ አስቀመጥኩ። ነጋዴው ጨዉን ከማራገፉ በፊት የሌላውን ኮከብ ወሬ ይነግራቸዋል። ይህን ባነበብኩ ቀን አባቴ ጀርባውን አልሰጠኝም።

ከዚያ ወዲያ እርማቱ አላቋርጥ አለ። ነጋዴው ከቀዝቃዛው ኮከብ ባዶ መርከብ ይዞ ተመለሰ ብዬ ጽፌ ሲሰማ፣ ባዶውን የሚመለስ ነጋዴ ወይ ሰነፍ ነው ወይ ሊሰርቅ የሄደ ነው አለኝ። ከአንጥረኛው ምን ይዞ እንደሚመለስ ስንከራከር ሳምንት ሞላን። እኔ ብርቅ ማዕድን አልኩ። እሱ ማጭድ አለ። በመጨረሻ ማጭድ ሆነ፤ ለጭጋጋሙ ዓለም ገበሬዎች ማጭድ የሚጭን የጠፈር መርከብ ከእኔ ታሪክ በቀር የት እንዳለ ካወቃችሁ ንገሩኝ።

እኔም ብልጠት ገባኝ። ትክክል ስጽፍ ዝም ይላል፣ ስሳሳት ይናገራል። ስለዚህ አውቄ መሳሳት ጀመርኩ። አንድ ቀን ጭነት የያዘችው የእኛ መርከብ ባዶዋን ለመጣች መርከብ ጠባብ መተላለፊያ ላይ መንገድ ለቀቀች ብዬ አነበብኩ። ለጫነ መንገድ የሚለቀው ባዶው መሆኑን በማጂ መንገድ የሚሄድ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ሣቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲሥቅ የመጀመሪያው ነው። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” አለ፤ “አንቺ ደግሞ ሞኝም ወረቀትም ነሽ።” እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ሁለታችንንም አየችን፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተመለሰች።

እሰይ ተነሣ እንዳትሉ። አልጋው ላይ ቁጭ ማለት ጀመረ፣ በደንብ መብላት ጀመረ፣ ከእኔ ጋር መከራከር ጀመረ፤ እግሩን ግን መሬት አያስነካም። ሐኪሙ የሰጠው ጊዜ እያለቀ ነበር። ጉልበቱን ስነካው እንጨት ሆኗል። ውስጤ እየተቃጠለ ማንበቤን ቀጠልኩ።

የጭነቱን ነገር የጻፍኩት ግን አውቄ ለመሳሳት አይደለም፤ እዚህ ላይ ልክ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። በጠፈር ውስጥ ዕቃ ክብደት የለውም፣ ስለዚህ ነጋዴው ጨውን በአንድ ጎን፣ ባዶውን ቦታ በሌላ ጎን አድርጎ እንዳሻው ጫነ ብዬ አነበብኩ። አባቴ በቁጣ ደብተሩን ከእጄ ነጠቀኝ። ግራና ቀኙ ያልተካከለ ጭነት የትም ቢሆን ይጥላል አለ። እኔም የፊዚክስ ተማሪ ነኛ፣ በኩራት አስረዳሁት፤ እዚያ መሬት የለም፣ ቁልቁለት የለም፣ የሚወድቅበት የለም አልኩት። ይጥላል አለ። አይጥልም አልኩ።

ከዚያ ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ። በቅሎዋን ያን ቀን የጫናት እሱ ራሱ ነው። መኪና መንገዱን ሊጀምር ነው ሲባል ቀድሞ ማጂ ገበያ ሊገባ ቸኮለ። በግራ ላምባ፣ በቀኝ ጨው አድርጎ፣ እንደ ወትሮው እያነሣ ሳያመዛዝን፣ መጫኛውን አጥብቆ ብቻ ነዳት። ቁልቁለቱ ላይ ላምባው ጎተታት። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አለ። ዕድሜ ልኩን ሲጭን በጭነት ተሳስቶ አያውቅም ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ የመኪናው ነገር ብቻ የሰበረው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰውየው የገዛ እጁን ማመን አቅቶት ነው የተኛው። እንዲህ ያለ ነገር ወራት ሙሉ በሆዱ ይዞ ስለኖረ በጣም አሳዘነኝ።

በማግስቱ የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅኩት። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የመጣ፣ ተማሪ ሲጠይቀው ፊቱ የሚበራ ወጣት ነበር። ሰሌዳው ላይ መርከብ ሣለና አሳየኝ፤ ክብደቱ ቢጠፋም ቁሱ አይጠፋም፣ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ከበዛ መርከቧ ከኋላ ስትገፋ ቀጥ ብላ መሄድ ትታ ትሽከረከራለች አለ። ይህን ያለኝ ሰው የት እንደተማረ ጠየቀኝ። በቅሎ ላይ አልኩት። ሮጬ ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት፤ መምህሩም አባትሽ ልክ ናቸው ብሏል አልኩ። እጆቹን ገልብጦ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

የታሪኩ መጨረሻ ነው ያጣላን። ታላላቆቹ የጠፈር ነጋዴዎች ከሰፊው መንገድ ወደ ቀዝቃዛው ኮከብ በአንድ ሰዓት የሚያደርስ በር ከፈቱ። የሽማግሌው መርከብ አላስፈለገችም። እሱም ወደቡ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ለልጆች የድሮ ታሪክ እያወራ፣ የኮከቡን መጥለቅ እያየ ተቀመጠ። የአማርኛ መምህራችን ይህን አንብቦ ዓይኑን ጠረገ። ለወላጆች ቀን መድረክ ላይ በማይክ እንዳነበው ፕሮግራም አስያዘኝ። ክንፍ አውጥቼ ወደ ቤት ሄድኩና ለአባቴ አነበብኩለት።

እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ “ገደልሽው” አለ።

አልሞተም፣ ተቀምጧል አልኩት። ነጋዴ አግዳሚ ላይ ከተቀመጠ ምን ቀረው አለኝ። ያኔ የእነዚያ ወራት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

“አንተስ? አንተ ምን እያደረግክ ነው?”

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ለአባት እንዲህ አይባልም ብላ ተቆጣችኝ፤ ልክ ናት። ወጥቼ ከጓሮ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የተናገርኩት ነገር ቆጨኝ፤ ግን ልመልሰው ብባል አልመልሰውም ነበር። እንዲህ ነኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር። አባቴ አጥር ጥግ፣ በአንድ እጁ ክራንቹን በሌላው የአጥሩን እንጨት ይዞ፣ ላብ አጥምቆት ቆሟል። ትናንት የተባለውን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ያ የጭነት መኪና እስከ ማጂ የት የት እንደሚቆም ብቻ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። እንግዲያስ ሄደን እንይ አለ።

መኪና መቆሚያው ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ለእኛ ግን ከአንድ ወር በላይ ፈጀብን። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት፣ ከዚያ እስከ ጸሎት ቤት፣ ከዚያ እስከ ገበያው ዳር። ጉልበቱ ሲታጠፍ ጥርሱን ያፋጫል፣ በቤንችኛ ይሳደባል፣ ከዚያ እግዚአብሔርን ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ደብተሬን ይዤ ከጎኑ ነኝ። እንመለስ ያለኝ ቀን መመለስ እንደማላውቅ ነገርኩት፤ ከማን እንደወረስሽው አይጠፋኝም አለና ቀጠለ።

መቆሚያው ስንደርስ ሾፌሩንም ተሳፋሪውንም አንድ በአንድ ጠየቀ። መኪናው የሚቆመው ትልልቁ ገበያ ላይ ብቻ ነው። እሱ ያድርባቸው የነበሩት የተራራ መንደሮች ከመንገዱ የቀን ተኩል፣ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃሉ። ማራቸው እዚያው እየተበላሸ ነው፤ ጨው የሚያመጣላቸውም ጠፍቷል። አንዲት ሴት ማር በራሷ ተሸክማ ሁለት ቀን ወርዳ መኪናው ካለፈ በኋላ እንደደረሰች ሰማን። አባቴ በክራንቹ መሬቱን ወጋ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

“ያ በር ያልሽው ጭጋጋሙ ጋ ይቆማል?”

አይቆምም አልኩ፤ ቀዝቃዛው ጋ ብቻ ነው።

“ታዲያ የጭጋጋሙን ሰው ማር ማን ያውጣለት?”

መጨረሻውን እዚያው፣ የመኪና ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ነጋዴው አግዳሚውን ትቶ ይነሣል። ከበሩ ጋር አይፎካከርም፤ ከጭጋጋሙና ከቀዩ እየጫነ ወደ በሩ ያወጣል፣ ከበሩ ጨው ይዞ ወደ እነሱ ይመለሳል። መንገዱ አጠረ እንጂ አልሞተም። የአማርኛ መምህራችን ይህን ሲያይ ቅር አለው። የፊተኛው ልብ ይነካል፣ ይሄ ደግሞ የንግድ ወሬ ሆነ፣ የፊተኛውን ካላነበብሽ ከፕሮግራሙ አወጣሻለሁ አለኝ። አውጣኝ አልኩት። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ቀን፣ የፊዚክሱ መምህር ገብቶበት መሰለኝ፣ እያጉረመረመ ስሜን መለሰው።

የወላጆች ቀን አራት ቀን ሲቀረው፣ አባቴ ማራችሁን ላውርድ ብሎ በተሳፋሪ ለላከው ቃል ከተራራው መንደር መልስ መጣ። ማሩ ተቆርጧል፣ ዝናቡም ጋብ ብሏል፣ ከአሁኑ ካልተወረደ ሌላ ጊዜ የለም ተባለ። ገጠር ዘመድ ቤት ሥራ ፈተው የሰቡት የቀሩን ሁለት በቅሎዎች መጡ። አባቴ ጨዉን በሁለት እኩል ከፍሎ አንዱን አነሣ፣ ሌላውን አነሣ፣ ደግሞ ቀያይሮ አነሣ። እንዲያ እያደረገ ብዙ ቆየ። ጭኖ ሲጨርስ ግን ልጓሙን ይዞ ቆመና አላየኝም። በዚያ ሳምንት ተመልሶ እንደማይደርስ ሁለታችንም ገብቶናል።

“ልቅር?” አለኝ።

ሂድ አልኩት። ለእሱ ብዬ የጻፍኩትን በሰው ፊት ሳነብ እንዲሰማኝ ምን ያህል እንደፈለግኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ሂድ አልኩት። እያነከሰ፣ ክራንቹን በዱላ ለውጦ፣ ከበቅሎዎቹ ኋላ ወጣ።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣለች፤ ተስፋ አልቆረጠችም ነበር። ስሜ ሲጠራ መድረክ ላይ ወጣሁ። የአማርኛ መምህራችን ማይኩን ሲያስተካክልልኝ ባዶውን ወንበር አየና ጠጋ ብሎ አባትሽ እስኪመጡ ትንሽ እንጠብቅ ወይ አለኝ። ደግ ልብ ነበረው፤ አዝኖልኝ ነው።

“አይመጣም” አልኩት። “ሥራ ሄዷል።”

ማይኩ ተከፍቶ ኖሮ አዳራሹ በሙሉ ሰማው። እናቴ ቦርሳዋን ከወንበሩ አንሥታ ቆመው ለነበሩ አንዲት እናት ቦታውን ለቀቀችላቸው። እኔም ደብተሬን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።